ላፕቶፕን ከውጭ ማስቀመጫና ከገመድ መስመር ጋር ስለ ማገናኘት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው በኩል የቀረበ ንግግር፤ በስብሰባው ላልተገኛችሁ ነዋሪዎች እንዲደርስ በሰሌዳ የተለጠፈ)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችን የልጆች ወሬ ሊመስል ይችላል። ላፕቶፕ፣ ፍላሽ፣ ኬብል ሲባል «ይሄ ለተማሩት ነው» ብለን ፊታችንን የምናዞር ብዙ ነን። ነገር ግን ጉዳዩ የመዝገባችን ጉዳይ ነው። እድር የምንለውም አፎሻ የምንለውም በአንድ መዝገብ ነው የተጻፍነው። ማን እስከ ስንት ወር ከፈለ፣ የማን ቤተሰብ ስንት ነው፣ ለማን ሐዘን ምን ወጪ ሆነ፣ ድንኳኑና ወንበሩ ማን ጋ ሄዶ መቼ ተመለሰ፣ ይህ ሁሉ ቀድሞ በጥቁሩ ደብተር ነበር፤ አሁን ግን በላፕቶፕ ውስጥ ነው። ላፕቶፕ ደግሞ እንደ ደብተር ገጹ ቢቀደድ ቀሪው አይነበብም። አንድ ቀን አልነሣም ካለ ሁሉንም ይዞ ነው የሚሄደው።

በአንድ ጎረቤት ማኅበር የደረሰውን ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። የጽሕፈት ቤቱ ላፕቶፕ አልነሣ አለ፤ ሌላ ቅጂ አልነበረም። በዚያው ሳምንት የአንዲት እናት ባለቤት ዐረፉ። እሳቸውም ወርኃዊ መዋጮውን በልጃቸው እጅ ሲልኩ የኖሩ ናቸው። ኮሚቴው «መዝገብ ላይ ስለማናይ ወጪ መፈረም አንችልም» አለ። ድንኳን የተተከለው ከቀብር በኋላ ነው። ዱቄቱንም ቡናውንም ጎረቤት አዋጥቶ ነው የገዛው። ካርኒዎቹ ከሣጥን ተፈልገው የተገኙት ከሠልስት በኋላ ነበር፤ አንድ ወር እንኳ አልጎደለም። እኚያ እናት ገንዘቡ ተመለሰላቸው፤ ያ የሐዘን ቀን ግን አይመለስም። እኛ ይህን የምናነሣው ሰው ለመውቀስ ሳይሆን ጠቅላላ ጉባኤው ሁለት ነገር እንዲፈቅድልን ለመጠየቅ ነው፤ እነሱም ሁለት የውጭ ሃርድ ዲስክና አንድ ጥቅል የኔትወርክ ገመድ ናቸው። ገንዘባችሁ ስለሆነ ደግሞ ምን እንደምትገዙ ማወቅ አለባችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ማስቀመጫው። ሁላችሁም የምታውቁት ፍላሽ ነው፤ ቁልፍ መያዣ ላይ የሚንጠለጠለው። ፍላሽ ለመልእክት ጥሩ ነው። ከሻሸመኔ ወይም ከመቂ ፎቶ ለማስመጣት፣ ለፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀት ለማድረስ ይጠቅማል። ለዘለቄታ ማስቀመጫ ግን አናምነውም፤ ትንሽ ስለሆነ ይጠፋል፣ በኪስ ሆኖ ከልብስ ጋር ይታጠባል፣ በገበያ ላይም የውሸቱ ብዙ ነው። ላዩ ላይ 128 ጊጋ ተብሎ ተጽፎ ውስጡ የዚያን ሩብ የማይዝ አለ። ክፋቱም ሲገለበጥ ምንም አይልም፤ ሲከፈት ነው ባዶነቱ የሚታወቀው። ስለዚህ ፍላሽ የገዛ ሰው መጀመሪያ ሞልቶ፣ ነቅሎ፣ መልሶ ሰክቶ፣ ፋይሎቹን ከፍቶ ይፈትን።

ሃርድ ዲስክ የሚባለው መዳፍ የምታህለዋ ሣጥን ናት። በውስጧ የሚሽከረከር ሳሕንና እንደ ሸክላ ማጫወቻ መርፌ የሚንቀሳቀስ ክንድ አለ። መርፌው ሳሕኑን ሳይነካ በጣም ጠብቦ በላዩ ይሄዳል፤ እየሠራ ሳለ ከጠረጴዛ የወደቀ ሃርድ ዲስክ የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው ደግሞ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ፈጣን ነው፣ መውደቅንም ይችላል፤ ዋጋው ግን ይበልጣል። ለእኛ መዝገብ ሃርድ ዲስክ ይበቃል ብለናል። የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ በ1956 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው አይቢኤም ኩባንያ ሲሠራ 50 ሳሕን የተደራረበበት፣ ክብደቱም ወደ አንድ ቶን የሚጠጋ ነበር፤ የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነው። ዛሬ በስልክ የምናነሣት አንዲት ፎቶ ያን ሁሉ ቦታ ልትሞላው ትችላለች።

የሚያገናኘው ገመድ ዩኤስቢ ይባላል። ድሮ ለማተሚያው አንድ ዓይነት፣ ለመዳሰሻው ሌላ ዓይነት መሰኪያ ነበረ። በኢንቴል ኩባንያ ይሠራ የነበረው የሕንድ ተወላጅ አጃይ ባትና ባልደረቦቹ ለሁሉም አንድ መሰኪያ ይሁን ብለው ደከሙ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. ወጣ። አሁን ላፕቶፓችሁን ጎኑን ብታዩት የቀዳዳው ምላስ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። ጥቁሩ ብዙውን ጊዜ የቀድሞው ሁለተኛው ትውልድ ነው፤ በሰከንድ እስከ 480 ሜጋ ቢት ያሳልፋል። ሰማያዊው ሦስተኛው ትውልድ ነው፤ እስከ 5,000 ሜጋ ቢት ይደርሳል፤ ያውም በወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ነው እንጂ በሥራ ላይ ያንሳል። የሠርግ ቪዲዮ ለመገልበጥ አንዱ ጋ ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው ይጠጣል፣ ሌላው ጋ አቦሉ ሳይቀርብ ያልቃል። የሃርድ ዲስኩ ገመድም ሰማያዊ መሆን አለበት፤ አንዱ አሮጌ ከሆነ ሁሉም በአሮጌው ፍጥነት ነው የሚሄደው።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል። ሃርድ ዲስክ ተሰክቶ «ቲክ ቲክ» ብሎ ዝም ሲል ተበላሸ ተብሎ ይጣላል። ብዙ ጊዜ ግን የጎደለው መብራት ነው። ትንሿ ሃርድ ዲስክ ጉልበቷን የምታገኘው ከላፕቶፑ በዚያው ገመድ ነው፤ አሮጌው ቀዳዳ የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊ አምፔር ነው፣ ሰማያዊው እስከ 900። ገመዱ ረጅምና ቀጭን ከሆነ ደግሞ በመንገድ ይደክማል። አጭር ገመድ ተጠቀሙ፣ ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ አድርጉ፣ በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ሰክታችሁ ሞክሩ። ከዚያ በኋላም ከጮኸ ያን ጊዜ ነው ባለሙያ ዘንድ የሚኬደው።

አሁን ደግሞ ስለ መንቀል እንናገር፤ ከመሰካቱ ይልቅ የሚያጠፋን መንቀሉ ነውና። ኮፒው አለቀ የሚል ምልክት ቢታይም ላፕቶፑ አንዳንዱን ጽሑፍ በእጁ ይዞ ቆይቶ ነው ወደ ዲስኩ የሚጽፈው። ልክ ገንዘብ ያዥዋ ብሩን ተቀብላ በመዝገብ ሳታሰፍር እንደምትቆይበት ጊዜ ማለት ነው። በዚያ መካከል ገመዱን መንጭቆ መንቀል ያልተጻፈውን ማጣት ብቻ ሳይሆን የማውጫውን ገጽ ሊያበላሸው ይችላል። ስለዚህ በታች በቀኝ በኩል ካለችው ምልክት «ኢጀክት» የሚለውን ተጫኑ፣ «አሁን መንቀል ይቻላል» እስኪል ጠብቁ፣ የሚሽከረከረው እስኪበርድ ጥቂት ቆዩ፣ ከዚያ ንቀሉ። አልነቅልም ካለ አንድ ፋይል ክፍት ነው ማለት ነው፤ መዝጋት ነው። እምቢ ካለ ላፕቶፑን አጥፍቶ መንቀል። መብራት ሲጠፋስ ለምትሉ፣ ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ትንሿ ሃርድ ዲስክ አትጠፋም፤ የራሱ የግድግዳ ሶኬት ያለው ትልቁ ዓይነት ግን ወዲያው ይጠፋል። መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ትንሿን የመረጥንበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ከውጭ አገር ዘመድ የአፕል ላፕቶፕ የላከላችሁ ሰዎች ደግሞ ይህን ስሙ። የእኛን ሃርድ ዲስክ እዚያ ላይ ብትሰኩት ሊነበብ ይችላል፤ ልጻፍበት ብትሉ ግን እምቢ ሊል ይችላል፤ የእነሱን እዚህ ብትሰኩት ደግሞ «ፎርማት ላድርገው?» ይላችኋል። በምንም ዓይነት እሺ እንዳትሉ። ፎርማት ማለት ቤቱን ጠርጎ ባዶ ማድረግ ነው። ዲስኩ የተሰናዳበት መንገድ ስለ ተለያየ ነው እንጂ አልተበላሸም። አዲስ ሲገዛ፣ ገና ባዶ ሳለ፣ «ኤክስ ፋት» በሚባለው መንገድ ቢሰናዳ በሁለቱም ይሠራል። «ፋት 32» በሚባለው የቆየ መንገድ የተሰናዳ ፍላሽ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ግማሹ ባዶ እያለ «ቦታ የለም» ይላል። ስንት ፍላሽ በከንቱ ተጥሏል!

ስለ ቫይረስም ጥቂት። ፍላሽ ከቤት ቤት የሚዞር ስለሆነ በሽታም አብሮ ይዞራል። ፍላሹን ስትከፍቱ ፋይሎቻችሁ ሁሉ ቀስት ያለባቸው ሾርትከት ሆነው ካያችሁ ብዙውን ጊዜ ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ተደብቀው ነው። ቀስቷን አትጫኑ፣ ፎርማትም አታድርጉ፤ በጸረ ቫይረስ የሚያጸዳ ሰው ፈልጉ። ቀላል ነገር አይምሰላችሁ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. የታወቀው ስተክስኔት የሚባለው ቫይረስ በፍላሽ እየተላለፈ በኢራን ናታንዝ ያለውን የኑክሌር ፋብሪካ ማሽኖች እስከ ማበላሸት ደርሷል። ያ ፋብሪካ ከኢንተርኔት የተለየ ነበር፤ ቢሆንም ፍላሽ ገባ። ስለዚህ የማኅበሩ ሃርድ ዲስክ ከማኅበሩ ላፕቶፖች በቀር በሌላ እንዳይሰካ ሐሳብ እናቀርባለን። የፎቶ ኮፒ ሥራ ሲኖር በፍላሽ ይወሰድ፤ ሃርድ ዲስኩ ከቤቱ አይውጣ።

የከተማችንን ነፋስ ታውቁታላችሁ። አዳማ አንድና አዳማ ሁለት የተባሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በአንድነት 204 ሜጋ ዋት የተተከለላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ያው ነፋስ አቧራውን በመሰኪያው ቀዳዳ ውስጥ ይሞላዋል። «ላፕቶፑ ፍላሽ አላነብም አለ» ተብሎ ከመጣው ውስጥ ጥቂት የማይባለው ቀዳዳው ሲጸዳ ተነሥቷል። በመርፌ አትቆርቁሩ፣ በአፍም እፍ አትበሉ፤ ምራቅ ይገባል። ላፕቶፑን አጥፍቶ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ነው። ሃርድ ዲስክ በመኪና ጉዞ ሲያዝም፣ በተለይ ወደ መተሐራና አዋሽ አቅጣጫ፣ ከመስተዋቱ ሥር ፀሐይ ላይ አይተው።

እዚህ ላይ ወጣቶቻችን ያነሡት አሳብ አለ። «ለምን ኢንተርኔት ላይ አናስቀምጠውም? ጎግል እያለ ሃርድ ዲስክ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። አሳቡን አንንቅም፤ ቤት ቢቃጠል እንኳ እዚያ ያለው አይቃጠልም። ግን ታስታውሳላችሁ፤ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በአገሩ ሁሉ ተቋርጦ ወደ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። በዚያን ጊዜም ሰው ሞቷል፣ ድንኳንም ተተክሏል። ሐዘን ኔትወርክ እስኪመጣ አይጠብቅም። መዝገቡ በእጃችን መሆን አለበት፤ ኢንተርኔቱ ሦስተኛ ቅጂ ይሁን ከተባለ እንስማማለን።

ወደ ገመዱ እንለፍ። ከሁሉ በፊት አንድ ስሕተት እናርም፤ ገመድ ማለት ኢንተርኔት ማለት አይደለም። ሰው የኔትወርክ ገመድ ሲያይ «የወር ክፍያ ሊጨምርብን ነው» ይላል። የጸሐፊውና የገንዘብ ያዥዋ ላፕቶፕ በገመድ ቢገናኙ ለማንም ሳንቲም አይከፈልም፤ ኢንተርኔቱ ጠፍቶም እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። አሁን ገንዘብ ያዥዋ የተከፈለውን ጽፋ በፍላሽ ታመጣለች፣ ጸሐፊው ይገለብጣል፤ በመካከሉ ደግሞ ሌላ ሰው ይከፍላል። ሁለት መዝገብ ሁለት ቁጥር ይናገራል። በገመድ ከሆነ ሁለቱም የሚጽፉት በአንዱ ፎልደር ነው። ይህ የገመድ ዘዴ ኢተርኔት ይባላል፤ ሮበርት ሜትካፍ የተባለ ሰው በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በዜሮክስ ኩባንያ ሳለ ነው ያሰበው። ኮምፒውተሮቹን ከማተሚያ ጋር ማገናኘት ፈልገው ነው የተጀመረው፤ የእኛም ጉዳይ ከዚያ አይርቅም።

«ዋይፋይ እያለ?» ለምትሉ፣ ዋይፋዩ አዳራሹ ውስጥ ጥሩ ነው፤ የኋለኛው ክፍል ግን በቆርቆሮ የተከለለ ነው። ቆርቆሮ ሞገዱን ይመልሰዋል። ገመድ ግን በቀዳዳ ያልፋል።

ገመዱ በውስጡ 8 ቀጫጭን ሽቦ አለው፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ የተጠማዘዙ። ጫፉ ላይ የሚገባው ጠፍጣፋ መሰኪያ አርጄ 45 ይባላል። ምላሱን ወደ ታች፣ ወርቃማ ጥርሶቹን ወደ ላይ አድርጋችሁ ስታዩት ሽቦዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲህ ይሰለፋሉ፤ ብርቱካንማ ነጭ፣ ብርቱካንማ፣ አረንጓዴ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ሰማያዊ ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ ነጭ፣ ቡናማ። በሁለቱም ጫፍ ያው ነው። ከዚያ ክሪምፐር በሚባለው ፒንሳ ይጨመቃል። ሰልፉን ያበላሸ ሰው መብራቱ ሲበራ አይቶ ሊደሰት ይችላል፤ ሥራው ግን ይንቀራፈፋል ወይም ይቆራረጣል። አንዱ ገመድ ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም፤ የእኛ ከዚያ በጣም ያንሳል። ከመብራት ገመድ ጋርም አብሮ አይታሰር፤ በመካከላቸው ክፍተት ይኑር።

የራውተሩን ጀርባ ስታዩ ብዙውን ጊዜ አራት አንድ ዓይነት ቀዳዳዎችና በቀለም የተለየ አንድ ቀዳዳ አለ። የተለየው ከውጭ ለሚመጣው መስመር ነው፤ እሱን አትንኩ። ከአራቱ በአንዱ ይሰካል፣ ሌላው ጫፍ በላፕቶፑ። መሰኪያው ቀጭ ካለ በኋላ ትንሿ መብራት ካልበራች ወይ ገመዱ ወይ ቀዳዳው ነው። በርታ ሳለች ካልሠራ የላፕቶፑን የኔትወርክ ቁጥር እዩ፤ 169.254 ብሎ የሚጀምር ከሆነ ራውተሩ ቁጥር አልሰጠውም ማለት ነው፤ አጥፍቶ ማብራት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። ራውተር ሳይኖር ሁለቱን ላፕቶፕ በአንድ ገመድ በቀጥታ ብታገናኙ ግን ያው ቁጥር ቢታይም ደኅና ነው፤ ራሳቸው ለራሳቸው የሰጡት ነው። አዳዲሶቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች የገመድ ቀዳዳ የላቸውም። ለነሱ በዩኤስቢ የሚሰካ መለወጫ አለ፤ የገንዘብ ያዥዋ ላፕቶፕ እንዲህ ዓይነት ስለሆነ አንድ መለወጫ በግዢው ውስጥ ተጨምሯል። ሰማያዊው ቀዳዳ ላይ ይሰካል።

ክረምት ሲመጣ ነጎድጓድ ሲጀምር የራውተሩን የመብራት መሰኪያ ብቻ መንቀል አይበቃም። የስልክ መስመሩ በመዳብ የሚገባለት ቤት የስልኩንም ይንቀል፣ የላፕቶፑንም ገመድ። መብረቅ በሽቦ ሁሉ ይመጣል።

ምስጢርን በሚመለከት አንዲት እናት ባለፈው ጠይቀውን ነበር፤ «ስሜና የልጆቼ ስም በየቤቱ ሊዞር ነው ወይ?» ብለው። ጥያቄው ትክክል ነው። የመዝገቡ ፋይል በቁልፍ ቃል ይዘጋል። ቁልፍ ቃሉን የሚያውቁት ሊቀ መንበሩና ጸሐፊው ሲሆኑ፣ በታሸገ ፖስታ ደግሞ በቁጥጥር ኮሚቴው እጅ ይቀመጣል፤ ሁለቱም ባይኖሩ እንዲከፈት። ሃርድ ዲስኩን ያገኘ ሁሉ አያነበውም።

የቀረው የማስቀመጫው ቦታ ነው። አንዱ ሃርድ ዲስክ በጽሕፈት ቤቱ የብረት ሣጥን ይሆናል። ሁለተኛው ግን በሌላ ቤት መሆን አለበት፤ ሌባም ጎርፍም አንድ ቤት ገብቶ ሁለቱን አንድ ላይ እንዳያገኛቸው። ከተራራው የሚወርደው ውኃ በየክረምቱ የት የት እንደሚገባ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ቤቱ ከፍ ካለው በኩል ቢሆን፣ የሚቆለፍ ቁም ሣጥን ቢኖረው፣ አንድ ሰው ዘወትር የማይጠፋበት ቢሆን እንመርጣለን። በየወሩ በመጀመሪያው እሑድ መዋጮው ከተሰበሰበ በኋላ አዲስ ቅጂ ይደረግና ሁለቱ ይለዋወጣሉ፤ የተቀበለ ይፈርማል። በሦስት ወር አንድ ጊዜ ደግሞ ቁጥጥር ኮሚቴው ባለበት ከቅጂው ላይ የአምስት አባላት ስም ተከፍቶ ከካርኒው ጋር ይመሳከራል፤ ያልተከፈተ ቅጂ አለን ብለን አንቀመጥም። ጥቁሩ ደብተርም አይጣልም፤ በየወሩ አንድ ገጽ ታትሞ ይለጠፍበታል።

ቤቱን ለሁለተኛው ሃርድ ዲስክ የሚፈቅድ አባል እስከሚቀጥለው ስብሰባ ድረስ ለገንዘብ ያዥዋ ያስመዝግብ። ጉባኤው ግዢውን ከፈቀደ የገመዱ ዝርጋታ በተከታዩ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይጀመራል። ወጣቶች እንድትገኙ፣ መሰላልና መሰርሰሪያ ያላችሁም ይዛችሁ እንድትመጡ እንጠይቃለን፤ የባለፈው መሰላል አንድ እርካብ ስለ ተሰበረ ሌላ ያስፈልገናል።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት